ሰባት ቁጥርን የዋጠው ጫጫታ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ግቢ ጥግ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችኝ። ውስጧ ያለነው አንድ ወንበር፣ አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ የመገናኛ ሬዲዮ እና እኔ ነን። ሥራዬ መጣራት ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን የወጡትን መኪኖች በየቁጥራቸው እጠራለሁ፤ እነሱም የት እንደደረሱ ይነግሩኛል። ያኔ ኢሲዮሎን ካለፍክ በኋላ ሞባይል ስልክ ኪስ የሚያከብድ ድንጋይ ነው። መኪና ተሰበረ፣ ወንዝ ሞላ፣ ሽፍታ ታየ፣ ሁሉም የሚታወቀው በእኔ በኩል ነው። የመኪኖቹ ሬዲዮ ጉልበት ስለሌለው እርስ በርሳቸው እምብዛም አይሰማሙም። የእኔው ግን ጣሪያ ላይ ረጅም ሽቦ ስላለው ሁሉም እኔን ይሰሙኛል፣ እኔም ሁሉንም እሰማለሁ።

መኪኖቹ አሥራ አንድ ናቸው። ባለቤታቸው የሞያሌ ቦረና ነው፤ አማርኛውን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። ሥራ ስጀምር ትልቅ መዝገብ ገዝቶ ሰጠኝና፣ እያንዳንዱ መኪና የት እንደደረሰ በየቀኑ እንድጽፍበት ነገረኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። አንዱን መስመር ጽፌ እስክጨርስ መኪናው ማርሳቢት ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ መዝገቡን ለወንበሬ እግር ድጋፍ አደረግሁትና አንድ ሳንቃ ፈለግሁ። ሳንቃው ላይ በቀለም መንገዱን ሣልኩ፤ ናይሮቢ እታች፣ ሞያሌና ኖርዝ ሆር እላይ። አሥራ አንድ የሶዳ ቆርኪ ሰብስቤ በየቆርኪው ላይ ቁጥር ጻፍኩበት። መኪናው ላይሳሚስ ነኝ ካለኝ ቆርኪውን ላይሳሚስ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ባለቤቱ መጀመሪያ ሲያየው ሳቀ። በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ሲገባ እኔን ሰላም ከማለቱ በፊት ሳንቃውን ያያል።

ሰባት ቁጥርን የሚነዳው የአስመራ ሰው ነው። አማርኛ የተማረው በልጅነቱ ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላም አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ነድቷል። ናይሮቢ በአንድ ሰሞን ነው የገባነው። አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ አልጋ ላይ በተራ ተኝተናል፤ እሱ መንገድ ሲወጣ እኔ፣ እኔ የዘበኝነት ሥራ ስገባ እሱ። ካርታ ስንጫወት እሱ ያታልላል፣ እኔ እናደዳለሁ፣ ደግሞ እንጫወታለን።

ሁለቱ አገሮች በተዋጉ ጊዜ ነው የተበላሸው። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሾፌሮቹ ሁሉ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ዜና እንሰማለን። ሁሉም የየራሱን ይላል። እሱ ብቻ ዝም ብሎ ሻዩን ያማስላል። ዝምታው አናደደኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ብርጭቆውን ሳይቀምሰው አስቀመጠና ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሬዲዮ ውጭ ቃል አልተለዋወጥንም። በሬዲዮም ቢሆን፣ «ሰባት ቁጥር፣ ማርሳቢት፣ ደህና ነኝ፣ ኦቨር» ብቻ፤ ኦቨር በሬዲዮ ቋንቋ ጨርሻለሁ፣ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። ይቅርታ ልጠይቀው አላሰብኩም? አስቤያለሁ። ግን የእኔ ሐሳብና የእኔ አፍ አብረው አይሄዱም።

እንግዲህ ነገሬ ጫጫታው ነው።

አንድ ጠዋት ሬዲዮውን ስከፍት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ሞላው። አራት ቁጥርን ብጠራ መልሱ ከሩቅ ወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። አሥራ አንድን ብጠራ ጭራሽ የለም። መጀመሪያ ያማሁት ጣሪያዬን ነው። መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ሽቦውን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ጠረግሁት። ምንም። ቀጥሎ ከግቢው ማዶ ያለውን በያጅ አማሁ፤ ሄጄም ተጣላሁት። ሰውየው ያን ቀን ብየዳ ሳይሆን ቀለም እየቀባ ነበር። ከዚያ የጎረቤቴን የጁስ መፍጫ አማሁ። መጨረሻ ላይ ሬዲዮውን ተሸክሜ ፉንዲ ጋ ሄድኩ፤ ኬንያውያን ጠጋኙን ሁሉ፣ የሬዲዮም ይሁን የጫማ፣ ፉንዲ ነው የሚሉት። ፈታ፣ ገጠመ፣ አንድ ብሎን ተረፈው። ሬዲዮው ደህና ነው ብሎ ከነተረፈው ብሎን መለሰልኝ።

ምስጢሩን የነገረኝ መብራት መጥፋቱ ነው። አንድ ጠዋት እየተጣራሁ ሳለ የሰፈሩ ስቲማ ድርግም አለ። እዚህ የኤሌክትሪኩን መብራት ስቲማ ይሉታል። የእኔ ሬዲዮ በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም። ጫጫታው ግን በአንዴ ቀጥ። አሥራ አንዱም መኪኖች አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ተሰሙኝ። ከውጭ ሰፈሩ በሙሉ የመብራት ኃይሉን ሰዎች ይራገማል፤ እኔ ደግሞ ክፍሌ ውስጥ እግዜር ይስጣቸው እላለሁ። ሩብ ሰዓት አልቆየም። መብራቱ መጣ፣ በረዶውም አብሮት መጣ።

ወጥቼ የመብራቱን ምሰሶ አየሁ። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ከዚህ በፊት ያልነበረ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሆዱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። የሰፈሩን ዘበኛ ብጠይቀው ኢንተርኔት ነው አለኝ። አንድ ድርጅት ኢንተርኔትን በመብራቱ ሽቦ አድርጎ ወደ ቤት ሊያስገባ እየሞከረ ነው፤ ሶኬት ላይ ሰክተህ ዓለምን ታያለህ አለኝ። እኔ ዓለምን አልፈለግሁም፤ አሥራ አንድ መኪና ነው የፈለግሁት።

ፉንዲው ነው ሌላ እንደኔ የሚነጫነጭ ሽማግሌ አለ ብሎ ላቪንግተን ወደሚባለው ሰፈር የላከኝ። ጡረታ የወጣ ህንዳዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ጣሪያው ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ ትልቅ ብረት ተክሎ፣ እንደሱው ካሉ ሰዎች ጋር ከዓለም ዳር እስከ ዳር በሬዲዮ ይጫወታል። ለሱ ጨዋታ ነው፣ ለኔ እንጀራ ነው፤ ጫጫታው ግን አንድ ነው። እሱም ሰፈር ያ ሳጥን ተሰቅሏል። በስዋሂሊ ነው የተግባባነው፤ የእሱ ስዋሂሊ ጥሩ፣ የእኔ የመኪና ተራ ስዋሂሊ ነው። እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። የመብራት ሽቦ የተሠራው መብራት እንዲሸከም ነው። ሌላ ነገር ስትጭንበት እንደ አሮጌ የውኃ ጎማ በየቦታው ያፈሳል፤ የሚያፈሰውም በትክክል የእኛ ሬዲዮ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ሰማዩ ምንም አልሆነም፣ የቆሸሸው ሰፈርህ ነው አለኝ። ይህቺን ቃል ያዝኳት፤ በኋላ ጠቀመችኝ።

ለተቃውሞ ሁለት ሆንን ማለት ነው። እሱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እኔ በየቢሮው በር እቆማለሁ። ሬዲዮና ስልክ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄደን ማስረጃ በጽሑፍ አምጡ ተባልን። የድርጅቱ ቢሮ ሄደን ሻይ ተጋበዝን። ሻዩ ጥሩ ነበር።

በአንድ እሁድ ከሰዓት የሳውዝ ሲ ነዋሪዎች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የድርጅቱ መሐንዲስም መጥቶ ነበር፤ ትሁት፣ ሱፉ የሚያብረቀርቅ ወጣት። ስለ ኢንተርኔቱ ሲናገር ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ ተነሥቼ በዚያ ስዋሂሊዬ፣ ህንዳዊው ስለ ሰፈሩ ጫጫታ ያለኝን ተናግሬ ስለ መኪኖቹ መናገር ስጀምር ከኋላ አንዱ፣ ሙዜ ስልክ ግዛ አለኝና አዳራሹ ሳቀ። ሙዜ ማለት ሽማግሌ ነው፤ በክብርም ይባላል፣ ያን ቀን ግን በክብር አልነበረም። ማርሳቢት ማዶ ስልክ የሚሠራበትን ቦታ አሳየኝና እገዛለሁ አልኩት። ማርሳቢት የት እንዳለ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋችብኝ ጎረቤቴ ናት። ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ በዕቃ ጭነት ቢሮ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት። ወጥ ቤቷ ከእኔ ቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ልጇ ለፈተና የምትዘጋጀው በዚያ ኢንተርኔት ነው። ብድግ ብላ በእንግሊዝኛ ለሁሉም ተናገረች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። የእርስዎ ዘመን አልፎ የልጆቻችን ዘመን ሲመጣ በር ላይ አይቁሙ እንጂ» አለችኝ።

«በር ላይ የቆምኩት ሾፌሮቹ እስኪገቡ ነው፤ ከዚያ እሄድልሻለሁ» አልኳት።

መሐንዲሱ ከእኛ ከሁለቱ በቀር ቅሬታ ያቀረበ እንደሌለ ተናገረና ስብሰባው ተበተነ። ከዚያ ቀን በኋላ የጁስ መፍጫዋን በሰማሁ ቁጥር ግድግዳውን አንኳኳለሁ። እንደማያገባው አውቃለሁ። እልህ ነው።

የዝናቡ ወራት ገባ። ሰባት ቁጥር የእርዳታ እህል ጭኖ ወደ ኖርዝ ሆር ወጣ። ሰኞ ከሰዓት፣ በዚያ ጫጫታ መሐል፣ «ሰባት ቁጥር፣ ማርሳቢት፣ ደህና» የሚል ነገር ሰማሁና ቆርኪውን ማርሳቢት ላይ አኖርኩ። ከማርሳቢት ኖርዝ ሆር በሁለት መንገድ ይኬዳል። አንዱ በማይኮና ነው፣ አንዱ በካርጊ ነው። በሁለቱም በኩል ቻልቢ የሚሉት በረሃ አለ። ቻልቢ ሲደርቅ እንደ አስፋልት ያስኬዳል፤ ዝናብ ከጠጣ ደግሞ መኪናን እስከ ሆዱ ይውጣል፣ ለሳምንት ያህልም ማንም አያልፍበትም።

ማክሰኞ ጠዋት ጠራሁት። በረዶው ብቻ። ሌሎቹን በግድ በግድ እየሰማሁ ቆርኪያቸውን አንቀሳቀስኩ፤ ሰባት ግን የለም። ተኝቷል ብዬ፣ «ሰባት ቁጥር፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ ሥራ ገብቷል» አልኩት። ከሰዓት ደገምኩ፤ የለም። ረቡዕ ጠዋት ዝም ሲለኝ እየተሳደብኩ ነው የጠራሁት። የጭቃ ሾፌር አልኩት፣ አስመራ ላይ ባቡር እንጂ መኪና መንዳት አልተማርክም አልኩት። ለነገሩ የሚሰማኝ የለም ብዬ ነው። እኔ እሱን ካልሰማሁት እሱ እኔን በምን ይሰማኛል? እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ባለቤቱ ማርሳቢት ላይ ነበር። ትራክተር አዘጋጅቷል፣ ውኃ ጭኗል። ከከተማው የመስመር ስልክ ወደ ግቢው እየደወለ አንድ ቃል ብቻ አምጣልኝ ይለኛል፤ ካርጊ ወይስ ማይኮና? ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወዲያና ወዲህ መፈለግ አይቻልም፤ አንዱን መርጦ ከተሳሳተ ለመመለስ ሁለት ቀን ነው። ሰባትና ረዳቱ የያዙት ውኃ ደግሞ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ቃል እዚያ ጫጫታ ሥር እንዳለ ይሰማኛል። ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዳንዴ የሰው ድምፅ የሚመስል ይሰማኛል፤ ካርጊም ይመስላል፣ ማይኮናም ይመስላል። የፈለግኸውን ይመስልልሃል።

ሐሙስ ጠዋት ቆርኪው አሁንም ማርሳቢት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እንጃ። በሩን ዘጋሁና የሬዲዮውን መናገሪያ ቁልፍ ተጭኜ እንዲህ አልኩ፦

«ሰባት ቁጥር። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ያን ቀን የጠየቅሁህ ጥያቄ ሰው ለጓደኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አይደለም። ይቅር በለኝ። ትተኸው የሄድከውን ሻይ ደግሞ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ሰው እያየኝ፣ ግድ የለኝም ለማለት ነው የጠጣሁት። አልወረደልኝም። አሁን ካርጊ በል ወይም ማይኮና በል፣ ኦቨር።»

በረዶው ብቻ መለሰልኝ።

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። የቆርቆሮ ግድግዳ ምንም አይደብቅም፤ ሦስቱንም ቀን ስትሰማ ነው የከረመችው። የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ቆማለች። ምን ላድርግ ብላ አልጠየቀችኝም። ያ ህንዳዊው ሰውዬ ጫጫታው የሰፈሩ ነው አላለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለካ በስብሰባው ላይ የተናገርኩትን ሰምታኛለች። «ታዲያ ሰፈሩን እንልቀቅለት» አለች። ኢምባካሲ ከመጋዘኖቹ ጀርባ የመብራት ሽቦ ያልደረሰበት ሜዳ አለ፤ በየቀኑ በቢሮዋ መስኮት ታየዋለች።

አሳቡ ለምን ለእኔ እንዳልመጣልኝ እስካሁን ያናድደኛል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጫጫታውን ከሰፈር ለማስወጣት ስታገል፣ ሬዲዮው ተነቅሎ እንደሚወጣ አላሰብኩትም።

ሽቦውን ከጣሪያ አወረድኩ፣ ባትሪውንና ሬዲዮውን ትንሿ መኪናዋ ውስጥ ጫንን። ሳንቃውንም ያዝኩ። ለምን እንደሚያስፈልገኝ ጠየቀችኝ፤ ያለሱ አልጣራም አልኳት። ሜዳው ስንደርስ ሽቦውን ከአንድ ግራር ወደ ሌላ ግራር መዘርጋት ጀመርን። ከመጋዘኑ በኩል ዘበኛ ዱላውን ይዞ እየተንደረደረ መጣ። ኤርፖርት አጠገብ ሽቦ የሚዘረጉ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት አየ፤ ልፈርድበት አልችልም። ጎረቤቴ በስዋሂሊ፣ ቻልቢ ውስጥ መኪና ገብቶብን ነው ስትለው ዱላውን ሣሩ ላይ ጣለው። ሰውየው ሬንዲሌ ከሚባሉት የካርጊ አካባቢ ሰዎች ነው። ቻልቢ በዚህ ዝናብ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ከእጄ ሽቦውን ተቀብሎ ግራሩ ላይ እንደ ዝንጀሮ ወጣ።

አሥር ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን። ሰባት ቁጥር ባትሪውን ለመቆጠብ ሬዲዮውን በመጣሪያው ሰዓት ብቻ እንደሚከፍት አውቃለሁ። አውሮፕላኖች ከላያችን ይወርዳሉ። ሰዓቱ ሲደርስ ከፈትኩት። በረዶው የለም። እንደታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ዝምታ።

«ሰባት ቁጥር፣ ሰባት ቁጥር፣ ናይሮቢ ነኝ፣ ኦቨር።»

«ናይሮቢ፣ ሰባት ቁጥር። ካርጊን አልፌ ቻልቢ ጫፍ ላይ ነኝ። መኪናው እስከ ሆዱ ገብቷል። እኔና ረዳቴ ደህና ነን። ውኃችን እስከ ነገ ነው። ኦቨር።»

ቆርኪውን ከማርሳቢት አነሣሁና ካርጊ መሆኑን እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት።

«ካርጊ ነው ያልኩህ። ሦስት ቀን ሙሉ ካርጊ፣ ካርጊ ስልህ አንተ ስድብ ትመልስልኛለህ፣ ኦቨር።»

«አልሰማሁህም እኮ። ሰፈሩ ውስጥ ጫጫታ ነበረብኝ፣ ኦቨር።»

«አንተ ጋ ነው ጫጫታው። እኔ ጋ ምንም የለም። እኔ ሁሉንም ሰምቼሃለሁ፣ ኦቨር።»

ያኔ ነው የገባኝ። ጫጫታው እኔን ነው ያደነቆረኝ እንጂ የእኔን አፍ አልዘጋውም። ስድቡን ሰምቷል። የዛሬ ጠዋቱንም ሰምቷል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ሬዲዮውን የከፈተ ሾፌር ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤቴ ፊቷን ወደ አውሮፕላኖቹ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ድምፁ እንደገና መጣ። «ሻዩን ግን እውነት አንተ ነህ የጠጣኸው? ኦቨር።»

«ባትሪህን አትጨርስ። ሰው ይመጣልሃል፣ ኦቨር» ብዬ ዘጋሁት።

በጎረቤቴ ስልክ ለባለቤቱ ደወልኩና ካርጊ አልኩት። ሌላ ቃል አልጠየቀኝም። ዘበኛው ለትራክተሩ ጠንካራ መሬት በየት በኩል እንደሚገኝ በዚያው ስልክ ነገረው። በማግስቱ አርብ እኩለ ቀን ላይ ደረሱላቸው። ሰባትና ረዳቱ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ካርታ ሲጫወቱ ነው የተገኙት። ረዳቱ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሰው ያታልላል የሚል ነበር አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሁላችንንም ጠራን። ጠረጴዛው ረጅም ነው። ወዲያ የድርጅቱ መሐንዲስና ጠበቃው፣ ወዲህ የላቪንግተኑ ሰውዬና እኔ። እሱ በገጽ በገጽ የተጻፈ ማስረጃ አቀረበ። የእኔን ማስረጃ ሲጠይቁኝ ሳንቃዬን ጠረጴዛው ላይ ጫንኩት። ጠበቃው ምንድነው ይሄ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሰባት ቁጥር ማርሳቢት ላይ ሦስት ቀን የቆመው ማርሳቢት ስለነበረ አይደለም፣ እኔ መስማት ስላልቻልኩ ነው አልኳቸው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰባትን በጣቱ ነካው።

መሐንዲሱ የሚለው ነበረው፤ ልበድለው አልፈልግም። የእኛ ሬዲዮ ስንት ሰው ያገለግላል፣ ኢንተርኔቱስ ስንት ቤት ይገባል ብሎ ጠየቀ። መልስ ልሰጥ ስል ከኋላ ጎረቤቴ ተነሣች። እኔ አልጠራኋትም። ከኢንተርኔቱ ተጠቃሚዎች አንዷ እንደሆነች፣ ልጇም በእሱ እንደምታጠና ተናገረች። ቀጥላ በጥርት ያለ እንግሊዝኛ፣ ሜዳው ላይ የሰማችውን ነገረቻቸው። መጨረሻዋን የላቪንግተኑ ሰውዬ ሹክ ብሎ ተረጎመልኝ፦ ልጄ ኢንተርኔት በሌላ መንገድም ታገኛለች፤ ያ ሰው ግን ካርጊ የሚልበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ስለ ሻዩ ምንም አለመናገሯን አስተርጓሚዬን ደጋግሜ ጠየቅሁት። አልተናገረችም አለኝ።

ኃላፊው እናጣራለን አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግራጫዎቹ ሳጥኖች ከየምሰሶው ወረዱ። በእኛ ተቃውሞ ነው የሚል አለ፤ ሥራው አላዋጣቸውም የሚልም አለ። የላቪንግተኑ ሰውዬ በእኛ ነው ብሎ ኬክ አስጋገረ። እኔ አላውቅም። ኬኩን በልቻለሁ።

ሰባት ቁጥር ግቢ የተመለሰ ቀን መኪናውን ጭቃ በጭቃ አድርጎ አቁሞ ክፍሌ በር ላይ መጣ። ስድስት ዓመት ያልረገጠው በር ነው። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ቆርኪውን አሳየኝ አለ፤ አሳየሁት። አነሣው፣ አገላበጠው፣ የቢራ ቆርኪ ቢሆን ይሻል ነበር ብሎ ናይሮቢ ላይ አኖረውና ሄደ። ይኼው ነው። ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን፤ ከዚህ በላይ አልሆነልንም።

ሳጥኖቹ በወረዱ ማግሥት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ጥርት ብሏል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በተራ ጠራሁ፤ አጠገቤ ያሉ ያህል መለሱልኝ። ሰባት ላይ ደረስኩ።

«ናይሮቢ፣ ሰባት ቁጥር፣ ላይሳሚስ፣ ደህና ነኝ። ያን ሐሙስ ጠዋት ያልከኝን ግን በደንብ አልሰማሁትም። ጫጫታ ነበር። ድገምልኝ፣ ኦቨር።»

«ጫጫታው የኔ ነበር እንጂ ያንተ አልነበረም። ራስህ ነህ የነገርከኝ፣ ኦቨር።»

«አሁን መጥቶብኛል፣ ኦቨር።»

አራት ቁጥር ሳይጠራ ገባና እኔም ጋ መጥቷል አለ። አሥራ አንድ ከሞያሌ፣ እዚህም ከባድ ነው፣ ናይሮቢ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ድገም አለ። የማይሰማሙት ሰዎች ያን ቀን ሁሉም ተሰማሙ። ከግድግዳው ማዶ የጁስ መፍጫው ቀጥ አለ።

በሩን አየሁ። ክፍት ነው። ተነሥቼ ልዘጋው አሰብኩና ተውኩት። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫንኩ።

«ሰባት ቁጥር። ጥያቄው ስህተት ነበር። ይቅርታ። ሻይህንም የጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ኦቨር።»

ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ተሰምቷል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበረው። ስመለስ ትከፍላለህ፣ ኦቨር።»

ቆርኪውን አንሥቼ ላይሳሚስ ላይ አኖርኩትና ስምንትን ጠራሁ።